ያለ ሲጋራ የምትጠጣዋ የመጀመሪያ ቡና

ዲላ ውስጥ ሲጋራ ለማቆም የወሰነ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይጠብቀዋል። ፈተናው የሚቀርበው በስኒ ነው። ጀበናው ተጥዷል። አጠገቡ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ አንዷን ለኩሶ ጭሱን ወደ ላይ ይለቀዋል። ሱቅ በደረቴው ማስቲካና ሶፍቱን ከሲጋራ ፓኮ ጋር ደርድሮ ዐይን ዐይኑን እያየ ያልፋል። አጅሬ ደግሞ ትናንት ማታ የመጨረሻዋን አጭሶ "በቃ፣ ከነገ ጀምሮ የለም" ብሎ የተኛ ነው። ነገም ነጋ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ቀን ነው። ሲጋራ ምን እንደሚያደርግ እዚህ ቁጭ ብለን አንዘረዝርም፤ እሱን ፓኮው ላይ ያለው ሥዕል ይናገረው። በየዓመቱ በዓለም ላይ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በትምባሆ ሳቢያ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ሲናገርም ሁላችንም ሰምተናል፤ አጫሹም ሰምቷል። እኛን የገረመን ሌላ ነገር ነው። ይህች አገር ቢያንስ ከዐፄ ዮሐንስ ዘመን ጀምሮ አጫሹን "ተው!" ስትለው ኖራለች። በአዋጅ ብላዋለች፣ በግዝት ብላዋለች፣ በስብከት ብላዋለች፣ በቅርቡ ደግሞ በፓርላማ። "ተው" ከተባለ በኋላ የምትመጣዋን የመጀመሪያ ቀን ግን አጫሹ ከማን ጋር አሳለፋት? ታሪካችንን በዚህች ጥያቄ በኩል አጮልቀን እንየው እስቲ።

ሁለቱ ተከሳሾች

በነገራችን ላይ ቡናና ትምባሆ በዚህ አገር በአንድ መዝገብ የተከሰሱ ወንጀለኞች ነበሩ። ዛሬ ቡና የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ማዕድ ሆኖ ስናየው አይመስለንም እንጂ፣ ለረጅም ጊዜ በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት የሙስሊም ልማድ ተደርጎ ይቆጠርና ይወገዝ ነበር። ትምባሆም እንደዚሁ። በትምባሆው ላይ እንዲያውም አፈ ታሪክ ተጨምሮበታል፤ ቅጠሉ የበቀለው በኒቅያ ጉባኤ ከተወገዘው ከአርዮስ መቃብር ላይ ነው ይባል ነበር። (አርዮስ የሞተው በአራተኛው ክፍለ ዘመን ነው። የትምባሆ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ከኮሎምበስ በፊት ባሕር ተሻግሮ አያውቅም። አፈ ታሪክ ግን ካርታ አያይም።)

ክሱ ወደ ቅጣት የተለወጠው በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን፣ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ንጉሡ ትምባሆን በአዋጅ ከለከሉ። በታሪክ መጻሕፍት ተመዝግቦ እንደምናገኘው ሲያጨስ የተያዘ ከንፈሩ፣ ሱረት ሲስብ የተያዘ ደግሞ አፍንጫው ይቆረጥ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ያ አዋጅ በተነገረ ማግስት የነጋው ጠዋት ምን ይመስል እንደነበር። ሐራራ እንደሆነ ነጋሪት ሰምቶ አይበርድም። ትናንት ያጨሰ ሰው ዛሬም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ያመዋል፣ ልጁንም ሚስቱንም ይቆጣል። ልዩነቱ "ምን ሆንክ?" ቢሉት ሊናገር አለመቻሉ ነው። በማጨሱ ብቻ ሳይሆን ባለማጨሱ የመጣበትንም መደበቅ አለበት፤ መነጫነጩ ራሱ ያስይዘዋላ! በዚያ ዘመን ስንት ሰው በእርግጥ እንዳቆመና ስንቱ ጓሮ እንደገባ የቆጠረ የለም። እኛ ግን ከጓሮው ወገን ነን።

ቡናው ግን ምሕረት አገኘ። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚተርኩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ጠጪ ነበሩ፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ቡና የሙስሊም ብቻ ነው የሚለውን እምነት ለማስቀረት ረድተዋል። ጌዴኦም በዚያው የምኒልክ ዘመን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ተጠቃለለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ይርጋጨፌ በዓለም ገበያ ላይ ስም ሆነ፤ ዲላ የቡና ከተማ ሆነች፤ ቡናውን ከእንሰትና ከትላልቅ ዛፎች ጥላ ጋር አጣምሮ የያዘው የጌዴኦ መልክዓ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። አንደኛው ተከሳሽ ከነሙሉ ክብሩ ነጻ ወጣ ማለት ነው። ሁለተኛው ግን አብሮት ከሚጠጣበት በርጩማ አልተነሣም። ዲላ ላይ ሲጋራ ማቆም ለምን እንደሚከብድ ስናስብ ይህን የድሮ ጓደኝነት መርሳት አይቻልም።

ጋያው የወደቀበት ቀን

በደቡብ ኢትዮጵያ ትምባሆ ከፋብሪካ ሲጋራ ይቀድማል። በእንሰት ጓሮዎች ጥግ ጥቂት እግር ትምባሆ መትከል፣ ከቅልና ከቀርከሃ በሚሠራው ጋያ ውኃ እያስጎረጎሩ መሳብ የሽማግሌዎች ወግ ነበር፤ በየቦታው የአሮጊቶችም። ማንም ከንፈር አልቆረጠባቸውም። ታዲያ በዚህ አካባቢ የመጀመሪያው ትልቅ "ተው" የመጣው ከቤተ መንግሥት አልነበረም፤ የመጣው ከወንጌላውያን ሰባኪዎች ነው።

የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ወደ ደቡብ የገቡት በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተባረሩ፤ በሌሉበት ግን የወላይታ አማኞች ቁጥር ከጥቂት አሥሮች ወደ ሺዎች አደገ። ከወላይታ የተነሡ አገር በቀል ወንጌላውያን በእግራቸው ወደ ጎረቤት ሕዝቦች ሄዱ። በ1940ዎቹ (በእኛው አቆጣጠር) እምነቱ በጌዴኦም ሥር መስደድ ጀመረ። ዛሬ ጌዴኦ ውስጥ እሁድ ጠዋት የሚሰማውን መዝሙር የሰማ ሰው ውጤቱን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ይሄ ነው። ጌታን መቀበል ማለት አስካሪ መጠጥን፣ ትምባሆንና የቀድሞውን የመናፍስት አምልኮ አንድ ላይ መተው ነበር። ስለዚህ በደቡብ ለብዙ ሺህ ሰው የመጀመሪያዋ ያለ ትምባሆ ቀን የግል ውሳኔ ቀን አልነበረችም። ጉባኤ ፊት የተባለች፣ ጎረቤት ያወቃት፣ ቀጠሮ ያላት ቀን ነበረች። ሐራራው አመሻሽ ላይ ሲመጣ ሰውየው የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ ነበረው፤ ከጋያው ዙሪያ ተነሥቶ ሌላ ዙሪያ ተቀመጠ። እጁ ባዶ ቢሆንም ጎኑ ባዶ አልሆነም።

ይሁንና ነገሩን አናሳምረው። ያው ጉባኤ ሰውየው ቢሸነፍ ይቀጣዋል፤ ያገለዋል። "ወደቀ" የሚባል ቃል አለ፤ ከባድ ቃል ነው። የወደቀ ሰው ሁለተኛ የመጀመሪያ ቀን ለመጀመር ከሐራራው በላይ ኀፍረቱን መሻገር ይኖርበታል። ዛሬ ዲላ ውስጥ ከቤተሰቡ ተደብቆ የሚያጨስ የአማኝ ቤተሰብ ልጅ ብታገኙ (እኛ ከአንድም በላይ እናውቃለን) ለማቆምም ተደብቆ ነው የሚሞክረው። አያቱ በአደባባይ ያለፈባትን ቀን እሱ ሽንት ቤት ውስጥ ውኃ ፊቱ ላይ እየረጨ ያልፍባታል።

መንግሥት ሻጭ፣ መንግሥት ከልካይ

ከዐፄ ዮሐንስ በኋላ የመጣው መንግሥት ከንፈር መቁረጡን ትቶ ትርፍ መቁረጥ ጀመረ። የትምባሆ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1942 ተቋቋመ። ስሙ በኋላ ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ሆነ፤ ሕዝቡ ግን ሲጠራው የኖረው "ትምባሆ ሞኖፖል" እያለ ነው። እውነትም ሞኖፖል ነበር። ግስላና ኒያላ የአውሬ ስም መሆናቸው እስኪረሳ ድረስ በየሱቁ ገቡ። ቅጠሉ ከሚበቅልባቸው እርሻዎች አንዱ ወደ አባያ ሐይቅ በሚፈሰው በብላቴ ወንዝ ዳር ነው። ለሦስት መንግሥታት የአጫሹ ሐራራ የካዝና ገቢ ሆነ ማለት ነው፤ ንጉሡ፣ ደርግና ኢሕአዴግ በብዙ ነገር ባይስማሙም በዚህ ተስማምተዋል።

ገቢው ምን ያህል የሚያጓጓ እንደሆነ ለማወቅ የጃፓኑን ኩባንያ ማየት ይበቃል። ጃፓን ቶባኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የድርጅቱን 40 ከመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በዓመቱ 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 ከመቶ ገደማ አደረሰው። ወደ ቢሊዮን የሚጠጋ ዶላር! እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት እንዳሳየው በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 ከመቶ ብቻ ነው፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 ከመቶ። ታዲያ ይህ ሁሉ ብር ለአምስቱ ከመቶ ነው ትላላችሁ? ለቀሩት ዘጠና አምስቱ ነው እንጂ። ከእነሱም አብዛኛው በእኛ ዕድሜ ያለ ወይም ከእኛ በታች ነው።

መንግሥትም ግራ እጁ ሲሸጥ ቀኝ እጁ ይፈርም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ1996 ዓ.ም. ፈርሞ፣ ፓርላማው በጥር 2006 አጸደቀው። ቁልፉ ቀን ግን ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የጸደቀበት። ሕጉ ጥርስ ያለው ነው። በሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች፣ በሥራ ቦታና በትራንስፖርት ውስጥ ማጨስን ከለከለ፤ ከበርና ከመስኮት በ10 ሜትር ርቀት ውስጥም ጭምር። ዕድሜው 21 ላልሞላው መሸጥን ከለከለ። ማስታወቂያን፣ ጣዕም የተጨመረበትን ሲጋራና ሺሻን ከለከለ። ከፓኮው ገጽ 70 ከመቶው ማስጠንቀቂያ እንዲሆን አዘዘ። ቬፕንም አልተወም፤ አንዳንድ የአዲስ አበባ ወዳጆቻችን "ሲጋራ ትቼ ቬፕ ጀመርኩ" ሲሉን በሕግ ዓይን ከድጡ ወደ ማጡ መግባታቸውን አያውቁም። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ በእያንዳንዱ ፓኮ ላይ ከ30 ከመቶው በተጨማሪ 8 ብር ጫነ።

ሕጉን እንወደዋለን። ካፌ ገብተን የሰው ጭስ ሳንጠጣ ማኪያቶ መጠጣት የቻልነው በሱ ነው። ነገር ግን ከዐፄ ዮሐንስ አዋጅ ጋር አንድ የሚጋራው ነገር አለ። ስለ ሻጩ፣ ስለ አከፋፋዩ፣ ስለ ባለ ሆቴሉ፣ አጠገብ ስላለው ሰው ብዙ ተናግሯል። ያ ነገ ጠዋት ለማቆም ስለወሰነው ሰውዬ ግን ዝም ነው። ዲላ ውስጥ ፋርማሲ ገብቶ የኒኮቲን ማስቲካ የጠየቀ ጓደኛ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛን አላጋጠመንም። መኖሩን ራሱ ስንቱ ያውቃል?

ከባሕር በታች የተገኘ ማስቲካ

ስለዚያ ማስቲካ ከተነሣ አይቀር ታሪኩ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1967 ስዊድን፣ ሉንድ ከተማ ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ የሚሠሩ ባሕርተኞች ከባሕር በታች ማጨስ ስለማይፈቀድላቸው የሚታኘክ ትምባሆ ጉንጫቸው ውስጥ ይወትፉና ሐራራቸውን ያሳልፋሉ። ይህን ኦቬ ፌርኖ ለሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪ ጻፉለት፤ እሱም ኒኮቲንን ያለ ጭስ የሚሰጥ ማስቲካ መሥራት ጀመረ። ማስቲካው ለሽያጭ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ስዊዘርላንድ ውስጥ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የኒኮቲን ምትክ የገባው ደግሞ በ2009። የመጀመሪያዋን ቀን እንደ ሕመም ቆጥሮ መድኃኒት የፈለገላት ሰው እስኪገኝ፣ ትምባሆ አውሮፓ ከገባ አራት መቶ ዓመት አልፎ ነበር።

የቀኗን ጠባይ እንግዲህ ሳይንሱ ዛሬ በሰዓት ያውቀዋል። ከመጨረሻዋ ሲጋራ በኋላ 20 ደቂቃ ሳይሞላ የልብ ምት መውረድ ይጀምራል። ኒኮቲን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ከደም ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ ሌሊቱን የተኛ ሰው ጠዋት ሲነሣ ደሙ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ፋገርስትሮም በስሙ በሚጠራው የሱስ መለኪያ ላይ "ከእንቅልፍህ በተነሣህ በስንት ደቂቃ ውስጥ ታጨሳለህ?" የሚለው ጥያቄ ትልቅ ቦታ የያዘው። አምስት ደቂቃ የማይታገሥ ከሆነ ሱሱ ጽኑ ነው። በጭሱ የገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በየአራት አምስት ሰዓቱ እየገመሰ ይሄድና ቀኑ ሲያልቅ አጨሶ ከማያውቅ ሰው ደም ጋር ይቀራረባል። ሰውነት ቶሎ ይቅር ይላል። አእምሮ ነው እንደ ቂመኛ ጎረቤት የሚያስቸግረው፤ መነጫነጩ፣ ትኩረት ማጣቱ፣ ረኀቡ በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። አንዷ የሐራራ ማዕበል ግን ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አትቆይም። አንድ ጀበና እስኪፈላ ከሚወስደው ጊዜ ታንሳለች።

አሁን ዲላን በቀጥታ የሚመለከተውን እንናገር፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ከሰውነት የሚያስወግድበትን ፍጥነት ይጨምራል፤ አጫሽ ሰው ከማያጨሰው በእጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ካፌይኑን ያስወግዳል። ይህን የሚያደርገው ኒኮቲኑ አይደለም፣ ከቃጠሎው የሚወጡ ኬሚካሎች ናቸው። (ስለዚህ ቬፕ የሚያቆሙ ሰዎች ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ የኒኮቲኑ ሐራራ ግን ያው ነው።) ሰውዬው ማጨሱን ሲያቆም ጉበቱ ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደ ቀድሞ ዝግታው መመለስ ይጀምራል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያው የለመደው ሦስት ስኒ ደሙ ውስጥ እንደ ስድስት ስኒ ይሆናል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። እሱ "ሲጋራው ነው፤ አልቻልኩም" ይላል፤ ግማሹ ግን ቡናው ነው! ስንቱ የጌዴኦ ሰው በገዛ ቡናው ተሸንፎ ወደ ሲጋራው ተመልሶ ይሆን? ያ ሁለቱ ተከሳሾች ጓደኝነታቸው በርጩማው ላይ ብቻ ሳይሆን ጉበት ውስጥም ነው ለካ። መፍትሔው ቡና መተው አይደለም (ዲላ ውስጥ ቡና ተው የሚል ሰው ምክሩን ማን ይሰማዋል?)። አቦሉን ጠጥቶ ቶናና በረካውን ማለፍ ይበቃል።

አንድ ቀን ለሁሉም

የመጀመሪያዋን ቀን ከተማ ሙሉ በጋራ እንዲያሳልፋት ያሰበው ሐኪም አልነበረም፤ የኛው ሞያ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 መጀመሪያ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የምትገኝ የሞንቲሴሎ የምትባል ትንሽ ከተማ ጋዜጣ አዘጋጅ ሊን ስሚዝ፣ የከተማው አጫሾች በአንድ የተቀጠረ ቀን አብረው እንዳያጨሱ ጠራቸው። ለዘላለም አላለም፤ ለአንድ ቀን። ከእሱ በፊት በ1970 ማሳቹሴትስ ውስጥ አርተር ሙላኒ የተባለ ሰው የአንድ ቀን የሲጋራ ገንዘባችሁን ለተማሪዎች መርጃ ስጡ ብሎ ነበር። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1976 ካሊፎርኒያ ሲደርስ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ለዚያች ቀን ሲጋራውን አስቀመጠ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 1988 ላይ የዓለም ሰው ለ24 ሰዓት እንዳያጨስ ጠየቀ፤ በዓሉ ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ ወደ ሜይ 31 ዞረ። በእኛ ግንቦት 23 ነው። እኛ ጋ ግንቦት 23 የስብሰባ ቀን ሆኗል፤ ባነር ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ሻይ ቡና ይባላል። "ዛሬን አብረን አናጭስ" የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ የት እንደቀረ እንጃ።

ደግሞ ከሚኒሶታ መማር አያስፈልገንም። ዲላ ውስጥ በየዓመቱ ረመዳን ሲገባ የሚሆነውን እዩ። በሌላው ወር "አንድ ሰዓት ካለ ሲጋራ አልቆይም" የሚለው ሙስሊም ወዳጃችን ከሱብሒ እስከ መግሪብ ከ13 ሰዓት በላይ ሳያጨስ ይውላል፤ ያውም ያለ ቡና፣ ያለ ውኃ። ያው ሰው፣ ያው ኒኮቲን፣ ያው ጉበት። የተለወጠው ዙሪያው ነው፤ ሁሉም ጾሟል፣ ማንም አይለኩስለትም፣ መጨረሻዋም ሰዓቷ ይታወቃል። ሲያፈጥር ይለኩሳል አትበሉን፤ አዎን ብዙው ይለኩሳል። ቀኗን ግን አልፏታል፤ ሠላሳ ጊዜ።

ጥናቱም ወደዚሁ ያዘነብላል። ያለ ምንም እርዳታ ለብቻቸው ከሚያቆሙት ውስጥ ከስድስት ወር እስከ ዓመት የሚዘልቁት ከ100 ሰው ከ3 እስከ 5 ያህሉ ናቸው፤ አብዛኛውም የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ስምንት ቀናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ 697 አጫሾችን ምክርና የኒኮቲን ምትክ እየሰጠ ለሁለት ከፈላቸው፤ ግማሾቹ በተቀጠረ ቀን በአንዴ እንዲያቆሙ፣ ግማሾቹ ቀስ በቀስ እየቀነሱ እንዲያቆሙ። በአራተኛው ሳምንት በአንዴ ካቆሙት 49 ከመቶው፣ ቀስ በቀስ ከቀነሱት 39 ከመቶው ሳያጨሱ ተገኙ። ቀን መቁረጥ ይጠቅማል ማለት ነው፤ በቀኗ ላይ ሰው ካለ።

ዲላ የሚኖር አንድ ጓደኛችን (ስሙን እንተወው፤ እናቱ ታነባለች) ሦስት ጊዜ አቁሞ ሦስቱንም ጊዜ ቀኑ ሳያልቅ ጀምሯል። ሦስቱንም ጊዜ የተሸነፈው ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ነው። ጫት ከተያዘ፣ ምርቃናው ከመጣ፣ ከዚያም ለጨብሲ ከተወጣ፣ ሲጋራ አለማጨስ ሠርግ ቤት ገብቶ አለመብላት ነው። በአራተኛው ጠዋት ቡና ወደሚጠጣባቸው እናት ሄደና "እናቴ፣ ዛሬ ሲጋራ ከጠየቅኩዎት እንዳይሰጡኝ" አላቸው። ሴትዮዋ ሳቁና "እሺ ልጄ፤ ቡናውንም ሁለተኛ አልቀዳልህም" አሉት። ስለ ጉበት ምንም ሳያውቁ! ከሰዓት በኋላ በርጫው ሰዓት ላይ ታላቅ ወንድሙን ይዞ በባጃጅ ወደ ወናጎ ሄደ፤ እዚያ ጉዳይ አልነበረውም፣ ጉዳዩ ዲላ አለመሆን ነበር። ያችን ቀን አልፏታል።

እሱ ግን ወንድ ነው፤ "ሲጋራ ላቁም ነው" ብሎ ለመንደሩ መናገር ይችላል። ይብሳል ይከብዳል፣ ግን ይችላል። ከላይ ያየናት ያቺ 1.8 ከመቶ ሁልጊዜ ትከነክነናለች። ዲላ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ሱቅ በደረቴ አስቁማ አንድ ፍሬ ብትገዛ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል። ስለዚህ ታጨሳለች ተብሎ ያልተቆጠረች ልጅ፣ አቆመች ተብላም አትቆጠርም። ለቡና ቀጂዋ አትናገርም፣ ለወንድሟ አትናገርም፣ ጉባኤ ፊት አትቆምም። የመጀመሪያዋ ቀን ስትመጣ "ራሴን አሞኛል" ብላ በሯን ዘግታ ትተኛለች። ለእሷ የሚሆነው አንድ ሌላ ሴት ማወቋ ነው፤ አንድ ብቻ፣ ስልክ የምታነሣ። በዚህ ገጽ የምንጽፍ ሴቶች እንዲህ ያለውን ስልክ አንሥተን እናውቃለን። የሚወራው ስለ ሲጋራ አይደለም፤ ስለ ፊልም፣ ስለ ፀጉር፣ ስለ መሥሪያ ቤት አለቃ ይወራል፤ ማዕበሏ እስክታልፍ ድረስ። ከዚያ ይዘጋል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ይጮኻል።

ሌሊቱ ላይ እንቅልፍ እምቢ ካለ ምክንያቱ ሦስተኛው ስኒ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ከመጀመሪያው እንደሚብሱ ከአሁኑ እወቁት፤ ሐራራው ጫፍ የሚደርሰው ያኔ ነው። ስልኩን ክፍት አድርጋችሁ ተኙ።

ቸር ሰንብቱ።